«ዳይሬክት አድርገው!»

ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ቻይና ነው። ሁለተኛው መብራት ኃይል ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ፍሪጁ የገባ ዕለት «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለት መጥተው ዓይናቸውን ከፍሪጁ ላይ ያልነቀሉት ጎረቤት ናቸው። አራተኛም ተጠርጣሪ አለ፤ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ግን ስሙን የሚያነሳው የለም። እሱም ሽቦው ነው።

ዛሬ ስለዚህ አራተኛ ተጠርጣሪ እናወራለን። «ስንት የሚጻፍ ጉዳይ እያለ እናንተ ስለ ሽቦ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስቲ ታገሱን። ሽቦ ገንዘብ ይበላል፣ ቤት ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። ከዚህ በላይ ምን ቁም ነገር ይምጣ?

«በቃ» የምትል ዕቃ

የነገሩ መነሻ ቴርሞስታት የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት። ሥራዋ አንድ ነው፤ «በቃ» ማለት። የቦይለሩ ውሃ የሚፈለገውን ያህል ሲሞቅ «በቃ» ትላለች፣ ቦይለሩ ኃይል መሳብ ያቆማል። ፍሪጁ ሲቀዘቅዝ «በቃ» ትላለች፣ ሞተሩ ያርፋል። ካውያው ሸሚዝ ከማቃጠሉ በፊት የሚያርፈውም በእሷ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ዕቃዎች ውስጥ አሠራሯ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ምላስ ነው። ሁለቱ ብረቶች በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ምላሱ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም መስመሩን ይቆርጠዋል።

እኛ ዘንድ ቴርሞስታት ቤት የማሞቅ ሥራ የላትም። ኮምቦልቻ ቤት ማሞቅ የሚያስፈልጋት ከተማ አይደለችም። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተን ከጦሳ ሥር ደሴ ስንደርስ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የደሴ ሰው ግን ቤቱን የሚያሞቀው በጋቢ፣ በምድጃና ከአቦል እስከ በረካ በሚዘልቅ ቡና ነው። ስለዚህ የእኛ ቴርሞስታቶች መኖሪያቸው መታጠቢያ ቤትና ጓዳ ነው።

ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታና ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ግን ቴርሞስታቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቤቱን በሙሉ ታዛለች። በፈረንጆቹ 2011 ኔስት የሚባለው ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ «ብልጥ» የሚባሉት በዝተዋል። በስልክ ይታዘዛሉ፤ የባለቤቱን መውጫና መግቢያ ሰዓት ያጠናሉ። ይህን ዕቃ ገዝቶ በገዛ እጁ የሰቀለ ሰው አብዝቶ የሚያሰማው ሮሮ አንድ ዓይነት ነው። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ማሞቂያው ደግሞ ቀጭ ቀጭ እያለ ይበራል ይጠፋል።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ብዙውን ጊዜ ዕቃው አይደለም። የድሮዋ ቴርሞስታት ከማብሪያ ማጥፊያ ብዙም ያልተለየች ስለነበረች ለራሷ ኤሌክትሪክ አያስፈልጋትም ነበር። በመሆኑም በብዙ አሮጌ ቤቶች እስከ እሷ ድረስ የመመለሻ ሽቦ አልተዘረጋም። አዲሷ ግን ስክሪን አላት፣ ዋይፋይ አላት፤ ሌት ተቀን ትመገባለች። ከማሞቂያው በ24 ቮልት የሚመጣው ኤሌክትሪክ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህ ሽቦ «ሲ» ይባላል። እሱ ከሌለ ዕቃዋ ባትሪዋን የምትሞላው በማሞቂያው መስመር በኩል ትንሽ ትንሽ እየሰረቀች ነው። ስርቆቱ ሳይበቃት ሲቀር ትጠፋለች። ባለቤቱም «ይቺ ቆርቆሮ!» ብሎ ወደ ሱቅ ይመልሳታል። ያ ሁሉ ብልጠት በአንድ ሽቦ እጦት ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ያመጣነው ስለ ፈረንጅ ቤት ለማውራት አይደለም። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም እንደሚፈልግ ለማሳየት ነው። የእኛም ቤት ችግር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ፌዝ፣ ኒውትራልና የተረሳው ኧርዝ

ወደ ቤታችን የሚገባው ሽቦ ሁለት ነው። ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ፌዝ ይባላል። (ስሙ ነው እንጂ ቀልድ አያውቅም።) ይዞት የሚመለሰው ኒውትራል ነው። ሦስተኛው ኧርዝ ነው፤ እሱ በደህና ቀን ሥራ የለውም፣ የሚፈለገው በክፉ ቀን ነው። ለዚህም ይመስለናል የምንረሳው።

ኒውትራል ሲበጠስ የሚሆነውን እንንገራችሁ። ሠራተኛው መጥቶ ቴስተሩን ሶኬቱ ውስጥ ይሰካል፤ ቴስተሩ ይበራል። «መብራት አለ፣ ስለዚህ የተበላሸው ዕቃው ነው» ይላል። ቴስተር ግን የሚነግረን ፌዝ መኖሩን ብቻ ነው። መመለሻው ይኑር ይበጠስ አያውቅም። በዚህች ስሕተት የተነሳ ስንት ደህና ዕቃ ተፈትቷል! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ችግሩ ምሰሶው ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በሰፈር መስመር ላይ ሦስት ፌዝና አንድ የጋራ ኒውትራል አሉ። ከአንዱ ፌዝ እስከ ኒውትራሉ 220 ቮልት ነው፤ ከፌዝ እስከ ፌዝ ግን 380 ነው። ጎረቤታሞች በሦስቱ ፌዝ ተከፋፍለን በአንዱ ኒውትራል እንመለሳለን። ያ ኒውትራል የላላ ወይም የተበጠሰ ዕለት የእናንተ ቤትና የጎረቤት ቤት 380ውን ለመካፈል ይገደዳሉ፤ ክፍፍሉም እኩል አይደለም። የአንዱ አምፖል ይደበዝዛል፣ የሌላው ከመጠን በላይ ያበራል። በዚያች ሌሊት ነው ቴሌቪዥኑ፣ ቻርጀሩና ፍሪጁ ባንዴ የሚያልቁት። ከሦስተኛዋ ተጠርጣሪ ዓይን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አምፖላችሁ ከወትሮው በላይ ሲያበራ ካያችሁ አትደሰቱ። ዋናውን ማጥፊያ አውርዱና ወደ 905 ደውሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ግቢያችን እንግባ። ቆጣሪው በሩ ላይ ነው። ከኋላ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ክፍል 40 ሜትር ይሆናል እንበል። የተዘረጋው ሽቦ ለአምፖል ታስቦ የተገዛ 1.5 ካሬ ነው። እዚያ መጨረሻ ክፍል ያለች ተከራይ 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ስትለኩስ 16 አምፔር ገደማ ይሄዳል። ስሌቱን ሠርተነዋል። በዚያ ሽቦ ላይ ደርሶ መልስ ወደ 15 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሽቦው 4 ካሬ ቢሆን ኖሮ 6 ቮልት እንኳ አይሞላም ነበር።

መንገድ የቀረው 15 ቮልት የት ይሄዳል? ሙቀት ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ 240 ዋት። ባለ 60 አምፖል አራት ያህል ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ እንደማብራት ቁጠሩት። ቆጣሪው በሩ ላይ ስለሆነ ይህም በክፍያ ላይ ይታሰባል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ግድግዳ ለማሞቅ የምንከፍለውም አብሮ እየጨመረ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ምሽት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ተጨናንቋል። ክፍሉ የሚደርሰው 180 ቮልት ሆነ እንበል። 1500 ዋት የነበረው ቦይለር አሁን የሚሠራው በ1000 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ በአንድ አምስተኛ ሲወርድ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ይወርዳልና። በ40 ደቂቃ ይሞቅ የነበረ ውሃ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ፍሪጁ ደግሞ ሞተር ነው፤ ቮልቴጅ ሲያንሰው ለመነሳት እየታገለ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል።

ባለቤቱ ግን የሚለው «ቦይለሩ ተበላሽቷል፣ ቴርሞስታቷን እይልኝ» ነው።

«ዳይሬክት አድርጌዋለሁ»

እዚህ ጋ ነው የዛሬው ጽሑፋችን ርዕስ የሚመጣው። ጠጋኙ ቦይለሩን ይከፍታል። የቴርሞስታቷን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ አንድ ላይ ይጠመዝዛል፣ ናስትሮ ይጠቀልልበታል። «ዳይሬክት አድርጌዋለሁ፣ አሁን እንደ ልብ ይሠራል» ይላል።

እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ችግሩ «በቃ» የሚል አለመኖሩ ነው። ውሃው ይሞቃል፣ ይፈላል፣ በታንኩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል። ቀሪው ተስፋ ግፊት የምታስተነፍሰው ቫልቭ ናት፤ እሷም ለዓመታት ከውሃው በቀረ ነጭ ዝቃጭ ከተደፈነች ታንኩ የሚፈነዳበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ፍሪጅ ላይ ሲደረግ ደግሞ ሞተሩ ሌት ተቀን ዕረፍት ያጣል፤ ቲማቲሙ ድንጋይ ይሆናል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን ነበር። እኛን ያስጨነቀን «ዳይሬክት» በቤታችን ልማድ መሆኑ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በውስጡ የመዳብ ክር እንሰዳለን። ባለ 16 ብሬከር ሲወርድብን «ደካማ ነው» ብለን ባለ 32 እናስገባለን። ብሬከሩ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ቀጭን ሽቦ ላይ ወፍራም ብሬከር ማድረግ ደግሞ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ከዚያ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል። የሚቃጠለውም ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒሱ ውስጥ ነው።

የሁሉ ክፉ በኧርዝ ላይ የምንሠራው ነው። ቦይለሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ ሦስት ሽቦ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉሩ ኧርዙ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ካለ ሦስተኛው ይቆረጥና በናስትሮ ይታሸጋል። አንዳንዱ ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ያስረዋል። ይህ ከመቁረጥም የከፋ ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የቦይለሩ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናልና።

ኧርዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ባጭሩ እንበል። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ብረት ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ ያመልጣል። ኧርዝ ካለ ያመለጠው በሽቦው ወደ መሬት ይወርዳል፤ አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ ከተገጠመም ከዓይን ጥቅሻ በፊት መስመሩን ይዘጋል። ኧርዝ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ሳሙና የተቀባ ሰው ደግሞ ጥሩ መንገድ ነው። ኧርዝ በሌለበት ቤት ኧርዙ የሚታጠበው ሰው ነው።

ታዲያ ሽቦው የማን ነው?

«ጥፋተኛው መብራት ኃይል ነው» የሚሉ ወገኖቻችን ከእውነት የራቁ አይደሉም። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ እስከ ቆጣሪያችን ማድረሱ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደርሷል። ትራንስፎርመሩ ሲጨናነቅ፣ የምሰሶው ኒውትራል ሲላላ፣ ሄዶ የመጣ መብራት ዕቃ ሲያቃጥል ተጠያቂው እነሱ ዘንድ ነው። መጠየቅም ማመልከትም አለብን። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ ግን የእኛ ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ደስ ብሎናል። ግድቡ ግን የግቢያችንን 40 ሜትር ሽቦ መጥቶ አይቀይርልንም።

«የእኛ ነው» ስንል የማን? ጠቡ እዚህ ነው። አከራይ «ተከራይ ምጣድ እየለኮሰ ሽቦዬን ፈጀው» ይላል። ተከራይ «ነገ ለምለቀው የሰው ቤት ምን አስለፋኝ?» ይላል። በሁለቱ መካከል ሽቦው ባለቤት አጥቶ ይቀራል፤ ዕዳው ግን ማንም ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ኧርዝ፣ ዋና ብሬከር፣ አርሲዲና ለምጣድ የሚበቃ መስመር እንደ ጣሪያና እንደ በር የቤቱ አካል ናቸው። ጣሪያ የሌለው ቤት ማከራየት ነውር እንደሆነ ሁሉ ኧርዝ የሌለው መታጠቢያ ቤት ከነቦይለሩ ማከራየትም ነውር መሆን አለበት። ወጪው የባለቤቱ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች ውል በጽሑፍና ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሆን ይጠይቃል። አዋጁ ባልደረሰበትም ሰፈር ቢሆን በውሉ ላይ «ኧርዝና አርሲዲ አለው፣ ተፈትሿል» የሚል አንድ መስመር እንዳንጽፍ የከለከለን የለም።

«እናንተ ልጆች! አከራዬ እኮ በሦስት ሰርቪስ ኪራይ የሚተዳደሩ እማማ ናቸው፤ ከየት አምጥተው ነው?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን ይቀይሩ አንልም። ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የኧርዝ ዘንግና አርሲዲ፤ ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው። ቀጥሎ የምጣዱ መስመር ለብቻው፤ ቤት ከመቃጠል የሚያድነው እሱ ነው። የቀረው በዓመትም በሁለት ዓመትም ይደርሳል። ተከራዩ ቀድሞ ከፍሎ ከኪራዩ ላይ በየወሩ ቢታሰብለት እማማም አይጎዱም፣ እሱም ያለ ስጋት ይታጠባል። ይህን መነጋገር ለወሎ ሰው አይከብደውም፤ አንድ ስኒ ቡና ይበቃል።

በዚህ ከተማ ሆነን ዕውቀት የለም ማለት ደግሞ አይቻልም። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም ወዲህም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለባት ከተማ ናት። በፋብሪካ ኧርዝ የሌለው ማሽን አይነሳም። ይህንን ቀን ቀን አበክሮ የሚጠብቅ ኤሌክትሪሺያን ማታ የሚገባው ኧርዝ ወደሌለው የኪራይ ክፍል ሊሆን ይችላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከመምህሮቻቸው ጋር በክረምት በየቀበሌው እየዞሩ የኧርዝ መለኪያ ይዘው ግቢ ቢፈትሹ፣ ለእነሱ ልምምድ ለእኛ ሕይወት ነው። ሐሳቡን በነጻ ሰጥተናል።

ጠጋኙን ከመጥራታችን በፊት

ለአንባቢያችን የምናቀብለው ይህን ነው። ዕቃ እምቢ ሲል መጀመሪያ ወደ ውጭ ተመልከቱ፤ ችግሩ የሰፈሩ ነው፣ የግቢው ነው ወይስ የአንድ ሶኬት? ቀጥሎ ሰዓቱን አስተውሉ፤ ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ቮልቴጅ ነው፣ ቴርሞስታቷን አትውቀሷት። ጎረቤት ምጣድ ሲለኩስ አምፖላችሁ የሚደበዝዝ ከሆነ የቀጠነ ሽቦ ወይም የላላ መገጣጠሚያ አለ። ሶኬት የሚግል ወይም የሚሸት ከሆነ ጊዜ አትስጡት። ቦይለርና ምጣድን በዲቫይደር አትሰኩ። ሠራተኛ ስትጠሩ በቴስተር ብቻ የሚያይ ሳይሆን በመልቲሜትር ቮልቴጁን፣ ዕቃው እየሠራ እያለ፣ ከፌዝ ወደ ኒውትራልም ከፌዝ ወደ ኧርዝም የሚለካ ይሁን። የበጋው ደረቅ መሬት ኧርዙን ስለሚያዳክመው በበጋም ይለካ። ቦይለር ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ዋናው ማጥፊያ ይውረድ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ቴርሞስታቷ ትፈተሽ። ከሞተችም አዲስ ትገዛ። «አሁን ዕቃው የለም፣ ለጊዜው ዳይሬክት ላድርገው» ሲላችሁ ግን እንደ ቴርሞስታቷ ሁኑና «በቃ፣ ተወው» በሉት። ለጊዜው የታሰረ ሽቦ እስኪያቃጥል ድረስ ዘላቂ ነው። ሁለት ሳምንት በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ብትታጠቡ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ማንም አይሞትም። የደሴዎቹ ደግሞ ውሃ በምድጃ ጣዱ፣ ምን ይደረግ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ዛሬ ማታ ከመታጠባችሁ በፊት የቦይለሩን ገመድ እስከ ግድግዳው ተከተሉና ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የት እንደደረሰ ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ከጠፋ ማጥፊያውን አውርዱና ነገ ጠዋት አከራያችሁን በቡና ያዙ። እኛ የበኩላችንን ጀባ ብለናል።

ቸር እንሰንብት!